መብራት ቢሄድም ሠርጉ አላለቀም፦ ላይቭ ቪዲዮን ከአፕ ውስጥ በኮድ ማስተዳደር

ጥር ላይ ነው፤ ቅዳሜ። የካ አባዶ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። እኔ ከስፒከሩ ጀርባ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ካሜራው የሚልከውን ቪዲዮ እከታተላለሁ። ሙሽሮቹ ወደ ኬኩ ሲጠጉ መብራት ሄደ። እልልታው አልተቋረጠም። የኔ ላይቭ ግን ተቋረጠ።

ጀነሬተር እስኪነሳ 4 ደቂቃ ሄደ። ራውተሩ ተነሳ፣ ኢንኮደሩ (የካሜራውን ቪዲዮ ጨምቆ ወደ ኢንተርኔት የሚልከው) ተነሳ፣ ቪዲዮው እንደገና መፍሰስ ጀመረ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። ከሪያድ ናቸው፤ የሙሽራው አክስት። ከጠዋት ጀምሮ ስልካቸው ላይ ተተክለው ነበር።

“ልጄ፣ አለቀ ይላል እኮ። ኬክ ሳይቆረጥ ሠርግ ያልቃል እንዴ?”

ጥፋቱ የኔው ነው። ፕሮግራሙን ዩቲዩብ ላይ በኮድ ስፈጥር “ቪዲዮ ሲቆም ራሱ ይዘጋ” የምትለውን ምርጫ አብርቻት ነበር። እሷ ከበራች፣ ቪዲዮ ከቆመ አንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ፕሮግራሙ ይዘጋል። የተዘጋ ፕሮግራም ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም። አዲስ ፈጥሬ፣ አዲሱን ሊንክ በቴሌግራም እስክበትን ኬኩ ተቆርጦ፣ ሙሽሮቹ ተጎራርሰው፣ ጭፈራው ደርቷል።

ከዚያ ወዲህ ኮዴን እንደ አዲስ ጻፍኩት። መቋረጥ ሌላ፣ ማለቅ ሌላ። አሁን የማሳያችሁ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ዙሪያ ነው። እኔ የምሠራው የሠርግና የምርቃት ላይቭ የሚያሳይ ትንሽ አፕ ነው። እናንተ የትምህርት ወይም የስብከት አፕ ብትሠሩም ችግሩ ያው ነው።

ካርዱና ቧንቧው

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ላይቭ አንድ ነገር ይመስለዋል። ሁለት ነው።

ዩቲዩብ በኤፒአዩ (የኛ ኮድ እንዲያዘው በከፈተው በር) ውስጥ አንደኛውን ብሮድካስት፣ ሁለተኛውን ስትሪም ይለዋል። ብሮድካስት የጥሪ ካርድ በሉት። ርዕስ አለው፣ ቀንና ሰዓት አለው፣ ማን ማየት እንደሚችል ይናገራል። ዘመድ የሚላክለት ሊንክ የሱ ነው። ስትሪም ቧንቧው ነው። የመግቢያ አድራሻና ቁልፍ አለው፤ ውስጡ ቪዲዮ እየመጣ ይሁን አይሁን፣ የሚመጣው ደህና ይሁን አይሁን ይነግራችኋል። የማን ሠርግ እንደሆነ ግን አያውቅም፤ አያገባውም።

ሁለቱን የሚያስተሳስር ባይንድ የሚባል ትእዛዝ አለ። አንድ ቧንቧ ለብዙ ካርድ ሊያገለግል ይችላል። ለራሳችን ካሜራ አንድ ቋሚ ቧንቧ አለን። ቁልፉ ኢንኮደሩ ላይ አንዴ ተሞልቷል፤ በየሳምንቱ አዲስ ካርድ ብቻ እናስርበታለን። ከውጭ ለምንቀጥረው ካሜራማን ግን የአንድ ቀን ቧንቧ ነው የምንሰጠው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

የራሳችሁን ሰርቨር ብትጠቀሙም ይህን ክፍፍል ዳታቤዛችሁ ውስጥ ጠብቁት። ሁለት ሠንጠረዥ፤ “ፕሮግራም” እና “ቧንቧ”። እኔ መጀመሪያ አንድ አድርጌያቸው ነበር። ያኔ ቪዲዮው ሲቆም ፕሮግራሙም አብሮ የሚሞተው ለዚህ ነበር። ለየብቻ ሳስቀምጣቸው ግማሹ ችግር በራሱ ጠፋ።

ቅደም ተከተሉ

ከኮዱ በፊት አንድ ነገር። የዩቲዩብ ቻናላችሁ ላይ ላይቭ ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። በሠርጉ ጠዋት ይህን የደረሰበት ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ አካሄዱ ይህን ይመስላል። የቻናሉ ባለቤት አንድ ጊዜ ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ካርዱ ይፈጠራል። ለሠርግ ሁልጊዜ “ሊንኩ ያለው ብቻ ይየው” በሚለው ነው የማደርገው። ቧንቧው ይፈጠራል። ሁለቱ ይታሰራሉ። ካሜራማኑ ቪዲዮ መላክ ይጀምራል። ቧንቧው “አክቲቭ” እስኪል ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ፕሮግራሙን ወደ ሙከራ፣ ከሙከራ ወደ ላይቭ ታሻግሩታላችሁ። ሲያልቅ ወደ “ኮምፕሊት”። የሙከራውን ማሳያ ካጠፋችሁት ሙከራን ዘላችሁ በቀጥታ ላይቭ መግባት ትችላላችሁ። እኔ አላጠፋውም። ሙከራው ላይ ነው ማይኩ ተዘግቶ እንደነበር የማየው።

ሰው የሚቸኩለው “አክቲቭ” ከማለቱ በፊት ነው። ቪዲዮ ሳይመጣ ላይቭ በል ካላችሁት ስትሪሙ አልጀመረም ብሎ ይመልሳችኋል። ሌላው፣ አዝራሩን የተጫነ ሰው ትንሽ ሲቆይበት ደግሞ ይጫናል። ሁለተኛው ትእዛዝ “ድሮም እዚያው ነው” የሚል ስሕተት ያመጣል። ይህን ስሕተት ኮዳችሁ እንደ ስኬት ይቁጠረው። ቀይ ጽሑፍ አውጥታችሁ ሚዜ አታስደንግጡ።

በመካከል ደግሞ “ላይቭ ሊጀምር ነው” የሚባል ሁኔታ አለ። ጥቂት ሰከንዶች ይቆያል። ስለዚህ አዝራሩ ስለተነካ ብቻ አፑ ላይ “በቀጥታ ላይ” ብላችሁ አትጻፉ። ዩቲዩብ ራሱ ላይቭ ነው እስኪል “እየከፈትን ነው” ይበል።

ይህን ለማወቅ ደጋግሞ መጠየቅ ግድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሞኝነት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው አፔ ላይ እያንዳንዱ የተመልካች ስልክ በየ5 ሰከንዱ ራሱ ዩቲዩብን ይጠይቅ ነበር። የኤፒአዩ መደበኛ የቀን ኮታ 10,000 ነጥብ ነው፤ አንድ ጥያቄ ቢያንስ አንድ ነጥብ ይበላል። 200 ስልክ በየ5 ሰከንዱ ማለት በሰከንድ 40 ጥያቄ ነው። የቀኑ ኮታ በ4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ዱቄት ሆነ። አሁን የሚጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሰርቨሬ። ስልኮቹ ሁሉ ሰርቨሬን ይጠይቃሉ። ላይቭ ሊገባ ሲል በየ5 ሰከንዱ፣ ከገባ በኋላ በየ30 ሰከንዱ ይበቃል።

የሰርቨሩ ውሳኔ በአማርኛ ቢጻፍ ይህን ይመስላል፦

ቪዲዮ መጣ፣ ፕሮግራሙም “ዝግጁ” ነው → “ሙከራ” አድርገው።
“ሙከራ” ነው፣ ኃላፊው ጀምር አለ → “በቀጥታ ላይ” አድርገው።
“በቀጥታ ላይ” ነው፣ ቪዲዮ ቆመ → “ተቋርጧል” አድርገው፤ ሰዓቱን መዝግብ።
“ተቋርጧል” ነው፣ ቪዲዮ ተመለሰ → “በቀጥታ ላይ” መልሰው።
ኃላፊው ጨርስ አለ → “አልቋል” አድርገው።
“አልቋል” ነው → ምንም ይምጣ ምን አትንካው።

ሦስተኛውን መስመር ልብ በሉ። “ተቋርጧል” የሚባለው ሁኔታ ዩቲዩብ ላይ የለም፤ የኔ ፈጠራ ነው። እዚያ ፕሮግራሙ ላይቭ እንደሆነ ይቆያል፣ ቧንቧው ብቻ ባዶ ይሆናል። ለተመልካቹ ግን ጥቁር ስክሪን ከማሳየት ስም ያለው ነገር መንገር ይሻላል። “አልቋል” ላይ የሚያደርስ መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እሱም የሰው ጣት ነው።

ቁልፉ ለማን ይሰጣል?

ካሜራማን ቀጠርን። ልጁ ጎበዝ ነው። ኢንኮደሩ አልገናኝ ሲለው ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ “እስቲ እዩልኝ” ብሎ ቴሌግራም ላይ ላከ። ለኔ የላከ መስሎት የላከው ለእንግዶቹ ግሩፕ ነው። አድራሻውም ቁልፉም ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በማግስቱ መልሱን ልናስተላልፍ ቧንቧውን ስንከፍት፣ አንድ የማናውቀው ሰው የኳስ ጨዋታ እየላከበት ነው። 7 ደቂቃ ሙሉ ዘመድ ሁሉ ኳስ አየ። የሙሽሪት አጎት ቅር ያላቸው አይመስለኝም።

ቁልፍ ማለት የቤት ቁልፍ ነው። የያዘው ሁሉ ይገባል። ስለዚህ አፑ ውስጥ በፍጹም አይጻፍም፤ የአንድሮይድ አፕ ፋይል ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል። ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፣ ለካሜራማኑ በዕለቱ ይሰጠው፣ ሠርጉ ሲያልቅ ይሻር። ሎግ ፋይል ላይም ሙሉውን አትጻፉት፤ የመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት ይበቃሉ።

በራሳችሁ ሰርቨር ከሆነ ከዚህም ጠንከር ማለት ይቻላል። እኔ የምጠቀመው ኤንጂንኤክስ የሚባለውን የሰርቨር ሶፍትዌር ከአርቲኤምፒ ሞጁሉ ጋር ነው፤ አርቲኤምፒ ቪዲዮ ከኢንኮደር ወደ ሰርቨር የሚላክበት ዘዴ ነው። አንድ ሰው ቪዲዮ ልላክ ሲል፣ ሰርቨሩ መጀመሪያ የኔን ኮድ ይጠይቃል። 200 ብዬ ከመለስኩ ይገባል፣ 403 ካልኩ በሩ ላይ ይቀራል። እዚያ ላይ ሁለት ነገር አያለሁ። ቁልፉ ትክክል ነው? የዛሬው ፕሮግራም ሰዓት ደርሷል? ፕሮግራሙ ሊጀምር 2 ሰዓት ከመቅረቱ በፊት ማንንም አላስገባም።

አርቲኤምፒ የሚላከው ሳይመሰጠር፣ ግልጽ ሆኖ ነው፤ ያውም በፖርት (በኔትወርክ የበር ቁጥር) 1935። አንድ ሆቴል አዳራሽ ዋይፋይ ላይ ይህ ፖርት ተዘግቶ አገኘሁት፤ ግማሽ ሰዓት ኢንኮደሩን ስወቅስ ቆየሁ። አርቲኤምፒኤስ የሚባለው የተመሰጠረ ነው። ዩቲዩብ በፖርት 443 ይቀበለዋል። ይህ ፖርት ማንኛውም ድረ ገጽ የሚከፈትበት ስለሆነ የሚዘጋው የለም ማለት ይቻላል።

6 ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

የውጭ አገር መማሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ አይነካቸውማ።

ደንበኛዬ ፎርሙ ላይ “6፡00” ብላ ሞላች። እሷ ያለችው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ኮዴ የገባው በፈረንጅ ጠዋት 6፣ ማለትም ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። አፑ ጎህ ሲቀድ “ሠርጉ ተጀምሯል” ብሎ ለሁሉም ስልክ መልእክት ላከ። ሙሽራው ራሱ ገና አልጋ ላይ ነበር። ደውሎ ምን እንዳለኝ እዚህ አይጻፍም።

አሁን ፎርሙ ቁጥር ብቻ አይቀበልም። መጀመሪያ “ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት” ያስመርጣል፣ ቀጥሎ ሰዓቱን። ከታች በትንሹ “በፈረንጅ 12፡00” ብሎ መልሶ ያሳያል፤ ሰውየው አይቶ ያረጋግጣል። ዳታቤዝ የሚገባው ግን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ብቻ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ዳታቤዝ ውስጥ 09፡00 ሆኖ ይቀመጣል። ዩቲዩብም የሚጠብቀው ከሰዓት ሰቁ (ታይም ዞን) ጋር በግልጽ የተጻፈ ሰዓት ነው። “ሌሊት” ሲመረጥ ደግሞ ቀኑን ጠንቀቅ በሉ። ለኛ ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት ገና የቅዳሜ ሌሊት ነው። በፈረንጅ ግን እሑድ ከገባ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ለተመልካቹ በያለበት ሰዓት አሳዩት። ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ናት፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያያል። ዋሽንግተን ግን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ናት። እነሱ መጋቢትና ኅዳር አካባቢ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፤ እኛ አናዛውርም። ስለዚህ “8 ቀንስ” ብላችሁ በእጅ አትጻፉ፤ የሰዓት ሰቁን ስም ተጠቅማችሁ ላይብረሪው ያስላው። የጥር ሠርግ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲጀምር እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ተነስተው ነው የሚያዩት። በስሕተት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ብትቀሰቅሷቸው ይቅር የሚሏችሁ አይመስለኝም።

ከድንኳኑ የሚወጣው

እዚህ ኮድ ትንሽ ነው፤ ትዕግሥት ብዙ ነው። ድንኳኑ ጋ ስትደርሱ የአፕሎድ ፍጥነቱን ለኩ። እንግዳ ከመግባቱ በፊት የለካችሁት አይሠራም፤ 400 ሰው ስልኩን ይዞ ሲገባ ያው መስመር ሌላ ይሆናል። እኔ ከለካሁት ግማሹን ብቻ እጠቀማለሁ። 3 ሜጋቢት ካገኘሁ በ1.5 እልካለሁ፤ 720 ለማሳየት ይበቃኛል። ግማሹ ከ1 ሜጋቢት በታች ከወረደ ወደ 480 አወርደዋለሁ፣ በ800 ኪሎቢት። ጥርት ብሎ ከሚቆራረጥ ትንሽ ደብዝዞ የሚፈስ ይሻላል። ድምፁን ግን አልነካም። የሽማግሌ ምርቃት ምስሉ ቢደበዝዝም ይታለፋል፤ ድምፁ ከተቆረጠ ምርቃቱም ተቆረጠ።

ስልክ ነው ካሜራችሁ? ጥሪ እንዳይገባበት አድርጉ። መሀል ላይ የደወለ ዘመድ ካሜራውን ሊያስቆመው ይችላል።

አንድ ቁጥር ግን በደንብ ያዙ፤ የኪፍሬም ርቀት። ኪፍሬም ማለት ሙሉ ሥዕል ነው፤ በመሀሉ ያሉት ለውጡን ብቻ ነው የሚይዙት። ዩቲዩብ በየ2 ሰከንዱ አንድ እንዲኖር ይመክራል፤ ከ4 ሰከንድ እንዳይበልጥም ይላል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የቪዲዮ መጭመቂያ፣ ኤክስ264፣ ካልነገራችሁት እስከ 250 ፍሬም ይሄዳል። ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 10 ሰከንድ ማለት ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ (ቪዲዮ በትእዛዝ የሚቀይርና የሚልክ መሣሪያ) ላይ 50 ብላችሁ በቁጥር ስጡት። ይህን ሳላውቅ ሁለት ወር ሙሉ “ላይቩ ለምን ይዘገያል?” እያልኩ ሰርቨር ስቀያይር ነበር።

የራስ ሰርቨር፣ የራስ ጣጣ

ሁሉን ዩቲዩብ ላይ ማድረግ ይቻላል። እኔ ግማሹን ወደራሴ ያወጣሁት በዘፈን ምክንያት ነው። ዩቲዩብ ላይቭንም ጭምር የሌላ ሰው ሥራ አለበት ወይ ብሎ ይፈትሻል፤ ካገኘም ሊያስቆመው ይችላል። ሠርግ ደግሞ ያለ ዘፈን አይሆንም። ይህ ማለት በራሳችሁ ሰርቨር የዘፈን ባለቤት መብት ይቀራል ማለት አይደለም፤ ኃላፊነቱ ወደ እናንተ ይዞራል ማለት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ቪዲዮው በአርቲኤምፒ ይገባል፣ በኤችኤልኤስ ይወጣል። ኤችኤልኤስ አፕል በ2009 ያወጣው ዘዴ ነው። ቪዲዮውን ትንንሽ ቁራጭ አድርጎ ይከትፈዋል፤ ከጎኑ የቁራጮቹን ስም የያዘ ዝርዝር ይጽፋል። ስልኩ ዝርዝሩን እየደጋገመ ያነባል፣ አዲስ ቁራጭ ሲያገኝ ያወርዳል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። አፕል ቁራጩ 6 ሰከንድ ይሁን ይላል። ተጫዋቹ (ስልኩ ላይ ቪዲዮውን የሚያጫውተው ሶፍትዌር) ከመጨረሻው ሦስት ቁራጭ ወደ ኋላ ብሎ ስለሚጀምር፣ 18 ሰከንድ መዘግየት ከወዲሁ አለባችሁ። እኔ 2 ሰከንድ አድርጌዋለሁ። ቁራጭ የሚቆረጠው ኪፍሬም ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያ የ50 ቁጥር እዚህም ያስፈልጋል፤ ያለሱ 2 ብትሉትም 10 ነው የሚሆነው።

መዘግየቱን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። እናት ድንኳን ውስጥ ሆና ስልክ ላይ “ቆረጡት! ቆረጡት!” ትላለች። ሪያድ ያለችው “የታል? ገና ቢላዋውን እየያዙ ነው” ትላለች። ይህን አፑ ላይ ቀድማችሁ ጻፉት፤ “ከድንኳኑ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ነን” ብላችሁ።

ቁራጮቹንና ዝርዝሩን የሚይዝ ካሽ (ቅጂ ይዞ በሰርቨራችሁ ፈንታ ለተመልካች የሚያድል) ፊት ለፊት ካደረጋችሁ ልዩነታቸውን አትርሱ። ቁራጭ አንዴ ከተጻፈ አይለወጥም፤ ሰዓታት ቢቀመጥ ችግር የለም። ዝርዝሩ ግን በየ2 ሰከንዱ ይለወጣል። እኔ ሁለቱንም “ለአንድ ደቂቃ ያዝ” ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ያንኑ አሮጌ ዝርዝር እያነበበ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ዝርዝሩን ከአንድ ሰከንድ በላይ አታስቀምጡት። ካሽ የሚያስፈልገው ደግሞ ሒሳቡ ስለሚከብድ ነው። 300 ሰው በ1.5 ሜጋቢት ካየ ከሰርቨራችሁ በሰከንድ 450 ሜጋቢት ይወጣል።

የተመልካቹንም ኪስ አስቡ። በ1.5 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ማየት 675 ሜጋባይት ይበላል። ሦስት ሰዓት ያየ ሰው 2 ጊጋ አለቀበት። ጎንደር ያለች አያት በሞባይል ዳታ ነው የምታየው። ስለዚህ ድምፅ ብቻ የሚሄድበት መስመር ጨምሬያለሁ፤ 64 ኪሎቢት። በሰዓት 29 ሜጋባይት አይሞላም። አፑ ላይ “ድምፅ ብቻ” የሚል አዝራር አለ። ከጠበቅሁት በላይ ሰው ይጫነዋል።

ሲቋረጥ

አሁን ወደ መብራቷ እንመለስ። ቪዲዮው ሲቆም አራት ቦታ ላይ “አልቋል” የሚል ውሸት ሊፈጠር ይችላል።

አንደኛው ዩቲዩብ ላይ ያቺ ምርጫ ናት። ካርዱን ስትፈጥሩ አጥፏት። ራሱ እንዲጀምር የምታደርገዋንም አጥፏት፤ ካልሆነ ካሜራማኑ ጠዋት “ሄሎ፣ ሄሎ፣ ማይክ” ሲል ሪያድ ይሰማል።

ሁለተኛው የኤችኤልኤስ ዝርዝር ውስጥ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ሥራውን ሲያቆም ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ኤንድሊስት የምትባል መስመር ይጽፋል። ተጫዋቹ እሷን ካየ ቪዲዮው አበቃ ብሎ ዝርዝሩን ማንበብ ያቆማል። ቪዲዮው ቢመለስም ያ ስልክ አያውቅም። ሰው ገጹን ዘግቶ ካልከፈተ በቀር። ኦሚት ኤንድሊስት የሚባል ምርጫ አለ፤ እንዳይጽፋት ያደርጋል። አፔንድ ሊስት ደግሞ ሲመለስ በነበረው ዝርዝር ላይ እንዲቀጥል ያደርጋል። አሮጌውና አዲሱ በሚገናኙበት ቦታ ዲስኮንቲኒዊቲ የምትባል ምልክት መኖሯን ዝርዝሩን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ተጫዋቹ የሰዓት ቁጥሩ ሲዘል እንዳይደናገር የምታደርገው እሷ ናት። ኤንድሊስትን ኮዳችሁ ራሱ ይጻፋት፤ ኃላፊው “ጨርስ” ሲል።

ሦስተኛው በር ላይ ነው፤ እኔን በጣም ያደከመኝ እሱ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ኢንኮደሩ “ቻው” ሳይል ነው የሚሞተው። ሰርቨሩ ደግሞ ሰውየው አሁንም አለ ብሎ ይጠብቃል። መብራት መጥቶ ኢንኮደሩ ሲመለስ ሰርቨሩ “በዚህ ቁልፍ ሌላ ሰው እየላከ ነው” ብሎ ይመልሰዋል። ያ ሌላ ሰው ራሱ ነው! ዝም ያለ ላኪን በ10 ሰከንድ ውስጥ እንዲያስወጣ አድርጉት። በተጨማሪ፣ ያው ቁልፍ እንደገና ከመጣ አዲሱ አሮጌውን ያስወጣው።

አራተኛው ስልኩ ላይ ነው። ተጫዋቹ ስሕተት ሲያገኝ አፑ “ቪዲዮው የለም” ብሎ ከገጹ ያስወጣ ነበር። አሁን ስሕተት ሲመጣ መጀመሪያ ሰርቨሩን ይጠይቃል። “ተቋርጧል” ከተባለ የሙሽሮቹን ፎቶ ያሳያል፤ ከሥሩ “መስመር ተቋርጧል፣ አትዝጉት፣ ራሱ ይመለሳል” ይላል። በየ5 ሰከንዱ ይሞክራል። ሁሉም ስልክ በአንድ ሰከንድ እንዳይመጣ አንድ ሁለት ሰከንድ በዕጣ ያዘገየዋል።

መቋረጡ 20 ደቂቃ ካለፈ ሰርቨሩ ለኔ መልእክት ይልካል። መልእክት ብቻ። አይዘጋም። “ጨርስ” የሚለው አዝራርም ሦስት ሰከንድ ተጭኖ ካልተያዘ አይሠራም፤ በኪስ ውስጥ ተነክቶ ሠርግ ያለቀበት ቀን ነበር። ራሱ የማይዘጋ ነገር ደግሞ ይረሳል። ስለዚህ ላይቩ ከጀመረ 11 ሰዓት ሲሞላው ሌላ መልእክት ይመጣልኛል። ዩቲዩብ ላይቩን ቀድቶ ራሱ የሚያስቀምጠው ርዝመቱ ከ12 ሰዓት በታች ሲሆን ነውና፣ ቅጂው እንዳይቀርብኝ በእጄ እዘጋዋለሁ።

አርብ ማታ

ይህን ሁሉ በሠርጉ ቀን መፈተሽ አይቻልም። አርብ ማታ ቤቴ እፈትሸዋለሁ። ካሜራውን መስኮት ላይ አቁሜ የሙከራ ፕሮግራም እከፍታለሁ። ሦስት ስልክ እደረድራለሁ፤ አንድ አይፎን፣ አንድ ደህና አንድሮይድ፣ አንድ የድሮ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቴክኖ። ሦስቱም ላይቩን እያዩ ሳለ የራውተሩን ገመድ ከሶኬቱ እነቅላለሁ። በሶፍትዌር አላቆመውም፤ ገመዱን ነው። በሥርዓት ማቆምና መብራት መሄድ ለኮዱ አንድ አይደሉም።

ከዚያ ሰዓት እይዛለሁ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ዳታቤዙ “ተቋርጧል” ማለት አለበት። ስልኮቹ የቀራቸውን ቁራጭ ተጫውተው ሲጨርሱ ፎቶው ይመጣል። ሰርቨሩ አሮጌውን ላኪ ማስወጣቱን ሎጉ ላይ አያለሁ። ዝርዝሩን ከፍቼ ኤንድሊስት አለመኖሯን አያለሁ። ቀሪው ጊዜ ሻይ ነው።

ልክ 4 ደቂቃ ሲሞላ ገመዱን እመልሳለሁ። ራውተሩ እስኪነሳ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ኢንኮደሩ እስኪገናኝ 10 ሰከንድ። አይፎኑ ቀድሞ ይመለሳል፣ አንድሮይዱ ይከተላል። ቴክኖው ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው። ማንንም ሳልነካ እሱም የመስኮቱን መንገድ ማሳየት ሲጀምር፣ “ጨርስ”ን ሦስት ሰከንድ ይዤ እጫንና ካሜራውን ወደ ቦርሳው እመልሳለሁ።